«ታዳጊ አገሮች» ወይስ «አዳጊ አገሮች»?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። ስለ ዓለም አቀፍ የንግድ ትብብር ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «ታዳጊ አገሮች» ብዬ ብጽፍ፣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ታዳጊ ማለት አዳኝ ነው፤ አዳጊ በል» አሉኝ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ የባልደረባዎ እርማት መሠረት አለው። «ታደገ» ከመከራ አወጣ፣ አዳነ ማለት ሲሆን ይህን የሚያደርገው «ታዳጊ» ይባላል፤ በጎንደርም ሆነ በሌላው አገር «ታዳጊ አጣ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ደራሽ ማጣትን ነው። «አደገ» ከሚለው ግሥ በሥርዓቱ የሚወጣውም «አዳጊ» ነው። ይሁን እንጂ «ታዳጊ ወጣት» እና «ታዳጊ ክልል» በመማሪያ መጽሐፍ፣ በሬዲዮና በመንግሥት ሰነድ ጸንተው ስለቆዩ፣ «ታዳጊ አገር» የሚለውን ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዘውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለቱ ፍቺዎች በሚጋጩበት ቦታ ነው። ቻይና በዓለም የንግድ ድርጅት ራሷን የምትቆጥረው ከታዳጊዎቹ ጋር በመሆኑ፣ «ታዳጊዋ ቻይና ለሰሊጣችን ቀረጥ አነሣች» የሚል ዓረፍተ ነገር አንባቢን ያሳስታል፤ እዚህ ላይ «በማደግ ላይ ያለችው» ማለት ይሻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዚህ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ምድቦች መጠራታቸው ነው። በዓለም የንግድ ድርጅት አንድ አባል አገር «ታዳጊ ነኝ» የሚለው በራሱ ውሳኔ ሲሆን፣ ሌላው አባል ሊቃወመው ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት በ1964 ዓ.ም. ያቋቋመውና ኢትዮጵያም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለችበት «በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ አገሮች» ዝርዝር ግን የተለየ ነው፤ መግቢያውም መውጫውም በነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በጤናና ትምህርት ደረጃ፣ እንዲሁም ለኢኮኖሚና ለአካባቢ አደጋ ባለው ተጋላጭነት ይመዘናል። ቦትስዋና በ1987 ዓ.ም. ከዚህ ዝርዝር ብትወጣም ከታዳጊ አገሮች ተራ አልወጣችም።

ልዩነቱ የገበያ ጉዳይም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ለማናቸውም ዕቃ ከቀረጥና ከኮታ ነጻ መግቢያ የፈቀደው በዝርዝሩ ላሉት እንጂ ለታዳጊዎች ሁሉ አይደለም፤ የመተማና የቋራ ሰሊጥ ዋና ገዢ የሆነችው ቻይናም ከህዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረጡን ሙሉ በሙሉ ያነሣችው የዲፕሎማሲ ግንኙነት ላላቸው የዚሁ ዝርዝር አገሮች ነበር። «ለታዳጊ አገሮች ቀረጥ ተነሣ» ተብሎ ሲጻፍ ኬንያና ጋናም የተካተቱ ይመስላል፤ ሁለቱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ በማስታወሻዎ ውስጥ ሰፊውን ምድብ «ታዳጊ» ወይም «በማደግ ላይ ያሉ አገሮች»፣ ጠባቡን «በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ አገሮች» ብለው ይለዩ። ሁለተኛው ስም ስለሚረዝም በመጀመሪያ ሲጠቅሱት ሙሉውን ጽፈው ከዚያ በኋላ «እነዚህ አገሮች» ማለት ይበቃል፤ ለማሳጠር ሲባል ግን ወደ «ታዳጊ» አይመልሱት።