ቅዳሜ የተስተካከለ ቤት ማክሰኞ ለምን ይዝረከረካል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቢሮም እሠራለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት ሳጸዳና ሳስተካክል እውላለሁ። ማክሰኞ ላይ ግን ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ፍለጋ እንተራመሳለን። ወንበሩ ላይ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይከመራል። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዝቼም ለውጥ አላየሁም። ስንፍናዬ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የዕረፍት ቀኗን ሙሉ የምትሠራ ሴት ሰነፍ አትባልም። ይህን ሐሳብ ከልብሽ አውጪው። እኔ እንደሚመስለኝ ቅዳሜ የምትሠሪው ዕቃውን ከዓይን መሰወር ነው። ማክሰኞ ሲፈለግ ይወጣል፤ የት እንደሚመለስ ግን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥረጊያውን ተይውና ዕቃው የት የት እንደሚጣል ብቻ ተመልከቺ። ቦታውን እዚያው አዘጋጂለት። ቁልፉ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚጣል ከሆነ እዚያው ግድግዳ ላይ መስቀያ ምቺ። ከዚህ ጀምሪ፤ ቀላል ነው፣ ውጤቱም በማግሥቱ ይታያል። ወንበሩ ላይ የሚከመረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የተለበሰ ልብስ ነው። ለመታጠብ አልደረሰም፤ ከንጹሑ ጋር መመለስም ደስ አይልም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ወንበር ላይ ያድራል። በበሩ ጀርባ ሁለት ሦስት መስቀያ አድርጊለት። እኔ ቤት ወንበሩ ባዶ መሆን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳጥኖቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ተራቸው ሳይደርስ ነው የመጡት። ካይዘን የሚባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሠለጠነ ሰው 5ቱን «ማ»ዎች ያውቃቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣ አሠራር ነው፤ ለቤትም ይሆናል። መጀመሪያ ማጣራት ነው። የማይሠራ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ዕቃ፣ ለልጆቹ የጠበበ ልብስ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይጠቅማል? ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ካለ ለይተሽ አውጪው፤ እንዴት እንደሚወገድ ፋርማሲ ጠይቂ። ከዚያ የቀረውን አይተሽ ሳጥን ትመርጫለሽ። በየቀኑ ለሚነካ ነገር ክዳን አልወድም። ልጅ ክዳን ከፍቶ መጫወቻ አይመልስም፤ ክፍት ቅርጫት ውስጥ ግን ይጥላል። ማንበብ ካልጀመረ ቅርጫቱ ላይ የመጫወቻውን ሥዕል ለጥፊለት። የዘወትር ዕቃ ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ይሁን። አልፎ አልፎ የሚወጣው ወደ ላይ ይሂድ፤ ከባዱን ግን ወደ ታች አድርጊው።

ወረቀት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ወረቀት ውሳኔ ይፈልጋል። የሚከፈል ነው? የሚፈረም ነው? የሚቀመጥ ነው? ሁለት ክላሴር ይበቃሻል። አንዱ በዚህ ሳምንት ለሚሠራበት፣ ሌላው ለሚቀመጥ። ሁለቱም ውስጥ የማይገባው በዚያው ቀን ይጣላል። የሳምንቱን ክላሴር የምትከፍችበት ቀን ቁረጪ፤ አለበለዚያ እሱም ሌላ ክምር ይሆናል። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ፣ ለጋራንቲ የምትፈልጊውን ዕለቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ሌላው የማታው ነገር ነው። ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ሁላችሁም፣ ባለቤትሽም ጭምር፣ የየራሳችሁን ዕቃ ወደ ቦታው መልሱ። የስልክ አላርም ሙዪ። ሲጮህ አቁሙ፤ የቀረ ቢኖርም ይደር። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ፣ እነሱ ከተኙ በኋላ ተነሥተሽ የቀረውን ብቻሽን እንዳትጨርሺ። ቅዳሜሽን የበላው እሱ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ያዝጋሉ፣ ይነጫነጫሉ። ትንሹ ቅርጫቱን፣ ትልቁ የነገ ቦርሳውን ይያዝ፤ በየቀኑ ሥራ አትቀያይሪባቸው።