ዓይን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ ጥያቄ ላከችልኝ። ወደ እምነቷ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። «ሁሉም ብርሃን በራልሽ ይሉኛል። እኔ ግን ከድሮው ይልቅ አሁን ነው ክፋቴ የሚታየኝ። ደስታው የታለ? ወይስ የበራልኝ መስሎኝ ነው?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በዓይን ሕክምና ነው። በብዛት የምሠራው የዓይን ሞራ ነበር። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይደፈርሳል፣ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። የደፈረሰውን አውጥተን በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ እናስገባለን። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ዓይኑ ተሸፍኖ ያድርና ጠዋት ይገለጣል። እንደኔ ላለ ሰው የሥራው ደሞዝ ያ ጠዋት ነው። የሚስቅ አለ። የሚያለቅስ አለ። የነርሷን እጅ ይዞ አልለቅም የሚል አለ። እኔ ይህንን ለምጄ ነበር። እንዲያውም ወድጄው ነበር፣ ከሚገባው በላይ።

አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎች አስከትዬ ዋርዱን እዞራለሁ። አንድ አልጋ ላይ በዕድሜ የገፉ አባት ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፏል። አጠገባቸው ልጃቸው ቆማለች። እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው እሷ ናት፤ ከዚያም በፊት የትም ቦታ የምትመራቸው እሷ ነበረች። ማየት ሲያቆሙ ትንሽ ልጅ እንደነበረች ካርዳቸውን ስሞላ ነግራኛለች። ሰምቼ ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩበትም።

ሽፋኑን አነሳሁ። ሦስት ጣት አሳየኋቸው። «ሦስት» አሉ። ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደረግኩ። ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷ እየሳቀች «አባዬ፣ ታየሁህ?» ትላለች። መልስ የለም። መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ ጫኑና «ሸፍኑልኝ» አሉ።

«ብርሃኑ ነው አባባ፣ ይለመዳል» አልኳቸው።

«ብርሃኑ አይደለም። ሸፍኑልኝ።»

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «እንዴ አባባ! ሰው ዓይኑ ሲበራለት ደስ ይለዋል እንጂ!» ብዬ ቀለድኩ። ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኩና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ተማሪዎቹም ተከተሉኝ። ካርዱ ላይ «ውጤት ጥሩ» ተብሎ ተጻፈ። ደግሞም ጥሩ ነበር፤ ስፌቱም ሌንሱም በቦታው ነበር።

ነገሩን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ከነርሷ ነው። እሷ ቆማ አዳምጣቸው ኖሯል። «ስጠራት ‹አቤት› የምትለኝ የልጅ ድምፅ ነበር» አሏት። «ፊቷንም የልጅ አድርጌ ነው የያዝኩት። ዛሬ ሳያት ጸጉሯ ሸብቷል። እኔን ስትመራ ነው ያረጀችው። ይሄንን ሳላይ ብሞት ምን ነበረበት?» ይህን ሰምቼ ወደ ዋርዱ ተመለስኩ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። በኋላ ልጅቷ ብቻዋን መጥታ የዓይን ጠብታ ወሰደች። «እንዴት ናቸው?» አልኳት። «ደህና ናቸው» አለች። ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ነበር። ሌላ አልጠየቅኳትም።

በሙያዬ ከዚህ የከፋ ነገር ገጥሞኛል። ያልተሳካ ኦፕራሲዮን አለ፣ ያልዳነ ዓይን አለ። እነዚያን ረስቻቸዋለሁ ባልልም እንቅልፍ አይነሱኝም። የእሳቸው ነገር ግን አሁንም ይመላለስብኛል። ሽፋኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያዩትን ነገር ግን ለብቻቸው እንዲያዩት ትቻቸው ሄድኩ።

አንድ አስተማሪ ነበረኝ። ሽፋን ከማንሳቱ በፊት መጋረጃ ያስዘጋል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ምንም ሳይናገር ይጠብቃል። አንዳንዴ ራውንዱ በሱ ምክንያት እስከ ምሳ ሰዓት ይጎተታል። እኛ ወጣቶቹ ጊዜ ያባክናል እያልን እናማው ነበር። ቅዱስ ሰው ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ቁጡ ነው፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መሣሪያ ወርውሮብኝ ያውቃል። ያ ሁሉ ቁጣ አልጋ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። እናንተ ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶ ላይ ጥቅስ ጽፋችሁ ትለጥፋላችሁ። ለእኔም ይደርሰኛል፣ ደስ ይላል። ችግሩ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ንጋቶች ያንን ፎቶ አይመስሉም። ያዕቆብን ተመልከቱ። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ በረከቱን ተቀበለ፤ ፀሐይ ስትወጣበት ግን እያነከሰ ነበር። መግደላዊት ማርያም ወደ መቃብሩ የሄደችው ገና ጨለማ ሳለ ነው ይላል ዮሐንስ። የትንሣኤው ጠዋት ለእሷ የጀመረው በልቅሶ ነው። ኢየሱስ ፊቷ ቆሞ እንኳ አትክልተኛው መስሏት ነበር።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚይዘኝ ጴጥሮስ ነው። እሱ ሁለት ንጋት አለው። የመጀመሪያው ዶሮ የጮኸበት ነው። ሌሊቱን በግቢው ውስጥ በከሰል እሳት ዳር ሲሞቅ «አላውቀውም» ሲል አደረ። ዶሮ ሲጮህ፣ ሉቃስ እንደጻፈው፣ ጌታ ዘወር ብሎ አየው። ጴጥሮስም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ይህ ንጋት ነው፣ ልጆች። ብርሃን የመጣው ያን ጊዜ ነው። ብርሃኑ ያሳየው ደግሞ ራሱን ነው። ሁለተኛው ንጋት በባሕሩ ዳር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አድረዋል። ሲነጋ ኢየሱስ ዳርቻው ላይ ቆሟል፤ እነሱ ግን እሱ መሆኑን አላወቁም። ወደ ምድር ሲወጡ የከሰል እሳት ተቀጣጥሎ ጠበቃቸው። እንደገና የከሰል እሳት! ዮሐንስ ይህንን በከንቱ የጻፈው አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ የካደው ሰው እዚያ እሳት ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። በሦስተኛው ጊዜ አዘነ ይላል። በሁለተኛውም ንጋት ሐዘን አለ ማለት ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው ብቻውን አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው እሳት አንድዶ፣ ቁርስ አዘጋጅቶ ጠብቆታል።

ለዚህ ነው «ክፋቴ ይታየኛል» ስትይኝ ያልደነገጥኩት፣ ልጄ። ብርሃን ያልገባበት ክፍል አቧራው አይታይም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ክፉ የሚያደርግ ሁሉ ሥራው እንዳይገለጥበት ወደ ብርሃን አይመጣም ይላል። አንቺ ግን እያየሽው አልሸሸሽም፤ እንዲያውም ቁጭ ብለሽ ለአንድ ሽማግሌ ጻፍሽ። እኔ ሐኪም ነኝ። ሰው «ያመኛል» ሲል ነርቩ መሥራቱን አውቃለሁ።

ደግሞ አትቸኩይ። ማርቆስ ምዕራፍ 8 ላይ የቤተ ሳይዳው ዕውር ታሪክ አለ። ይህንን ታሪክ እንደ ዓይን ሐኪም ነው የማነበው፣ ምን ላድርግ። ኢየሱስ እጁን ይዞ ከመንደር ያወጣዋል። ያ ግርግር፣ ያ ሰው ሁሉ እንዳይኖር ይመስለኛል። እጁን ጭኖበት «አንዳች ታያለህን?» ይለዋል። ሰውየውም ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ እንደሚያይ ይነግረዋል። ስንቶቻችን ብንሆን እውነቱን እንናገር ነበር? ያን ያህል ተለፍቶልን «ኧረ በደንብ ይታየኛል!» ብለን እንገላገል ነበር። እሱ ግን ያየውን ተናገረ። ስለተናገረም ሁለተኛ እጅ ተጫነበት፣ አጥርቶም አየ። እናንተ ዘመን ላይ ምስክርነት ሁሉ «ያን ቀን ተለወጥኩ፣ አለቀ» መሆን ያለበት ይመስላል። ቪዲዮው ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የሚያየው የለም መሰለኝ። «ሰዎች እንደ ዛፍ ይታዩኛል» የሚል ምስክርነት ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስለ ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ትዝ አለኝ። ሁለቱም ዓይኑ ሞራ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1923 ቀኝ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ተደረገ። ደስ ብሎት አጨበጨበ? አላጨበጨበም። ቀለሙ ሁሉ ተዛባብኝ ብሎ ተበሳጨ፣ ሐኪሙንም አማረረ። የሚገርም አይደለም። የደፈረሰ ሌንስ ቢጫ ይሆናል፤ ሲወጣ ነጩም ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ዓለሙ አልተበላሸም። ለዓመታት ያየበት ቢጫ ነው የተነሳው። ሞኔ በኋላ በመነጽር እየታገዘ ሥዕሉን ቀጥሏል።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ይህንን ከእኛ ይልቅ የገባቸው ይመስለኛል። የሮም አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለንጉሡ ለትራያን በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህ ሰዎች በተወሰነ ቀን ከመንጋቱ በፊት ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። ከመንጋቱ በፊት ነው። መዝሙሩን የጀመሩት ገና በጨለማው ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ስለ ጥምቀት ሲያስተምር ደግሞ፣ ተጠማቂው አስቀድሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጨለማው አቅጣጫ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይዞራል ይላል። ወደ ንጋቱ ከመዞርህ በፊት የምትተወውን ነገር ፊት ለፊት ታየዋለህ ማለት ነው። እኛ ምሥራቁን ብቻ ነው የወደድነው።

ጸልዩ፣ አንብቡ አልላችሁም። ይህንን የሚነግራችሁ ሞልቷል። በሌሊት አሥር ሰዓት ተነሱ የሚለውን የዘመኑን ምክርም አልወደውም፤ መንፈሳዊነት በማንቂያ ደወል የሚለካ ይመስል። (እኔ ራሴ በአሥር ሰዓት እነሳለሁ። የሽማግሌ እንቅልፍ ስለሆነ ነው፣ አትቁጠሩብኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያ ሰዓት ባይኖር እንዴት እንደምኖር አላውቅም።)

የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ብቻችሁን አትሁኑ። ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን ሲበራበት ያየው ነገር የለም፤ እንዲያውም ታወረ። ሦስት ቀን አላየም፣ አልበላም፣ አልጠጣም። ከሰማይ የመጣው ብርሃን በቂ አልነበረም? ለእኔ ይህ የታሪኩ ትልቁ ነገር ነው። ቅርፊቱ ከዓይኑ የወደቀው ሐናንያ የሚባል ፈሪ ሰው መጥቶ እጁን ሲጭንበት ነው። ሐናንያ መሄድ አልፈለገም ነበር፤ ሳውል ማን እንደሆነ ያውቃል። ሄደ ግን። የመጀመሪያ ቃሉም «ወንድሜ ሳውል» የሚል ነበር። አባባ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሐናንያ ያስፈልጋቸው ነበር። ነርሷ ትንሽ ሆነችላቸው። እኔ አልሆንኩም።

ስለዚህ ሰው ፈልጉ። ብዙ የሚያወራ አይሁን። ጥቅስ ቶሎ የሚመዝዝ ሰውም ለጊዜው ይቆይ። የታያችሁን ስትነግሩት ፊቱ የማይቀየር ሰው በቂ ነው። ካህን ሊሆን ይችላል፣ መጋቢ ሊሆን ይችላል፣ የጓደኛ እናት ልትሆን ትችላለች። ጓደኛችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ ሲመጣ ደግሞ «አይዞህ፣ ደስ ይበልህ» ብላችሁ አትለፉት። ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ተቀመጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ሐኪም ስለሆንኩ ልጨምር። የራስን ጥፋት ማየትና የመንፈስ ጭንቀት ሕመም አንድ አይደሉም። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳችሁ፣ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይሄ የንስሐ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትደብቁት። ያን ሐሳብ እንኳ ሁለት ሳምንት አትጠብቁለት። በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁም ውሰዱ። እምነታችሁን አይቀንሰውም። ልጄ፣ አንቺም ይህን አንብበሽ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልለየሽ እንደገና ጻፊልኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስልክ ቁጥርሽን አስቀምጪልኝ፣ እደውልልሻለሁ።