መተሐራ ላይ መሬቱ ለምን ይናጣል? ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ወላጆቼ መተሐራ ናቸው፤ መሬቱ ለምን እንዲህ ይናጣል? አገሩ ለሁለት ሊከፈል ነው የሚሉትስ እውነት ነው?» ብለሻል። በዚያ አካባቢ ለዓመታት የውኃ ጉድጓድ ስቆፍር ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ ከፈንታሌ ተራራ ወዲህ ስንቆፍር፣ ለመጠጥ ያልነው ውኃ እንፋሎቱ ፊት እየገረፈ ወጣ። ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለን ካልሆነ መንካት አልቻልንም። እሳቱ ከእግራችን ሥር ሩቅ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የመሬት ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በትላልቅ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። ስምጥ ሸለቋችን የኑቢያና የሶማሊያ ንጣፎች የሚራራቁበት ቦታ ነው። አፋር ላይ ደግሞ የዓረቢያው ይጨመራል። ሲራራቁ ቅርፊቱ ይሳሳና ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ስንጥቅ እየፈለገ ይገፋል። የወላጆችሽን ቤት የሚንጠው ይህ ግፊት አለቱን ሲሰነጥቀው ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ በሬክተር ስኬል 6.0 ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማውም ከዚሁ የመጣ ነው። ቅልጡ የግድ ገንፍሎ አይወጣም፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ይቀዘቅዛል።

መከፈሉ እውነት ነው፤ ግን መተሐራ በኩል በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው አንድ ክንድ የሚሞላ እንኳ አያይም። ባሕር እስኪገባበት ሚሊዮኖች ዓመታት አሉ። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ በየዓመቱ እኩል እየተከፈተ አይሄድም፣ ተጠራቅሞ ይለቀቃል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። እዚያ መራራቁ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና፣ የአራት መቶ ዓመት ዕዳ በአንድ ወር ተከፈለ ማለት ነው።

ከታች አስተያየት የሰጠ አንድ ወንድም «ተራራ የሚፈጠረው ንጣፎች ሲጋጩ ነው» ብሏል። ለሂማላያ ልክ ነው፤ ሕንድ እስያን እየገፋች ነው ወደ ላይ ያስነሳችው። የኛ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ፣ ጣርማ በር ላይ መኪናህን አቁመህ የተቆረጠውን ገደል እየው፤ ጥቁር አለት በጥቁር አለት ላይ እንደ እንጀራ ተነባብሯል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው፤ የሰሜን ተራሮችም፣ ራስ ደጀን ጭምር፣ ከዚሁ ናቸው። ከዚያው ሆነህ ቁልቁል ስታይ፣ ያ ሁሉ ቆላ መሬቱ ሲራራቅ የሰመጠው ነው።

ወደ ወላጆችሽ ልመለስ። በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት ሲናጥ ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይናድም። ብረት የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ግን ባንዴ ይወርዳል። በመስኮትና በበር ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ፣ ግንባታ የሚያውቅ ሰው ሳያየው እዚያ ክፍል አይተኙ። ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂያቸው።