የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከብስክሌት ሞተር ለመብራትና ለስልክ ኃይል ማግኘት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ወደ ሥራ የምመላለሰው ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላለት፣ 80 ሲሲ ተብሎ የተሸጠልኝ የቻይና ሞተር ባስገጠምኩለት ብስክሌት ነው። በሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል፣ ከማግኔቶው፣ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ለካንዴላው ብልጭታ ኃይል ከሚልከው ሣጥን፣ ከሲዲአይ፣ ጋር ተያይዘዋል፤ ነጩ ግን ያለ ሥራ ተንጠልጥሏል። አንድ የባጃጅ መካኒክ «ነጩ የመብራት ነው» ስላለኝ የመኪና የፍሬን አምፖል አገናኘንበት፤ ሞተሩም ወዲያው መንተፋተፍ ጀመረና ጠፋ። አምፖሉን ስናላቅቀው እንደ ቀድሞው በደንብ ሠራ። ከዚህ ሽቦ የፊትና የኋላ መብራት ማብራት፣ ስልኬንም በጉዞ ላይ ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሞተርዎ አልተበላሸም፤ የጠፋው ከማግኔቶው የተጠየቀው ኃይል ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ ከክራንኩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ትንሽ ማግኔትና ከአጠገቡ በብረት እግሮች ላይ የተጠመጠመ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ይገኛሉ። ማግኔቱ ሲዞር በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በሰማያዊው ሽቦ ወደ ሲዲአይ ሄዶ በውስጡ ያለውን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይሞላል፤ ካፓሲተሩም በተወሰነለት ቅጽበት የያዘውን ሲለቅ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። ነጩ ሽቦ የሚወጣው ከዚሁ ጥቅል ስለሆነ፣ በእርሱ በኩል የሚወሰድ ኃይል ሁሉ ከካንዴላው ድርሻ ላይ የሚቀነስ ነው። መካኒኩ የተሳሳቱት ባጃጅና ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ለመብራትና ለባትሪ ተለይቶ የተጠመጠመ ጥቅል ስላላቸው፣ የእርስዎንም እንደዚያው ቆጥረውት ይመስለናል።

የሞከሩት የፍሬን አምፖል በተለምዶ 12 ቮልትና 21 ዋት ነው። ሲበራ የመቋቋም መጠኑ 7 ኦም ገደማ ነው፤ ክሩ ገና ሳይግል ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚያንስ፣ ለዚህ ትንሽ ጥቅል የሁለት ሽቦዎች ቀጥታ መነካካት ያህል ነው። የሞተርዎ ማጥፊያ ቁልፍም የሚሠራው ልክ በዚህ መንገድ፣ የማግኔቶውን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ አካል በማስፈሰስ ነው። በሌላ አነጋገር አምፖሉን ሲያገናኙ ማጥፊያውን የመጫን ያህል ነበር።

ነጩ ሽቦ ጨርሶ አይጠቅምም ማለታችን ግን አይደለም። ከ1 ዋት ያልበለጠ የኤልኢዲ የኋላ መብራት ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ሳያውክ ሊያበራ ይችላል። ይሁን እንጂ ከሽቦው የሚወጣው ተለዋዋጭ ኮረንት ስለሆነና ቮልቴጁም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ ወደ ቀጥተኛ ኮረንት መለወጥ፣ በካፓሲተር ማለስለስና በቮልቴጅ መቆጣጠሪያ መወሰን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አራት ዳዮድ ያለውን ሬክቲፋየር (የኮረንት መለወጫ) ከተጠቀሙ የመብራቱን ኔጌቲቭ ከብስክሌቱ አካል ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ ካገናኙት ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ከጨዋታ ይወጣና ሌላው ጥቅሉን በቀጥታ ያስፈስሰዋል፤ ሞተሩም ይዳከማል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ከመብራቱ ሁለት ሽቦ መልሰው ወደ ሬክቲፋየሩ ይዘርጉ። የብስክሌቱን አካል እንደ መመለሻ መጠቀም ከፈለጉ ደግሞ አንድ ዳዮድ ብቻ ያስገቡ፤ በዚህ ጊዜ የሚያገኙት የሞገዱን ግማሽ ብቻ ቢሆንም ለአንዲት የኋላ መብራት ይበቃል።

የፊት መብራትና ስልክ ግን ከዚህ ሽቦ መጠየቅ የለባቸውም። ስልክ በ5 ቮልትና በ1 አምፔር ሲሞላ 5 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ማግኔቶው ብልጭታውን ሳይጎዳ ከሚሰጠው በላይ ነው። ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ሙሉ ብልጭታ በሚፈልግበት ሰዓት፣ የስልክ ባትሪ ለመሙላት ሲባል መሐል መንገድ ላይ መቆም ከንቱ አደጋ ነው።

ታዲያ ኃይሉ ከየት ይምጣ? ሞተሩ ራሱ ጉልበት አላነሰውም። 80 ሲሲ እየተባሉ ከሚሸጡት አብዛኞቹ የሲሊንደራቸው ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተናቸው ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስሌት 66 ሲሲ ገደማ ናቸው፤ ያም ሆኖ ከአንድ የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም ከ746 ዋት፣ በላይ ይሰጣሉ። የጠበበው ያ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጥበት በር ነው። ስለዚህ ኃይሉን ከማግኔቶው ሳይሆን ከጎማው እንዲወስዱ እንመክራለን። በጎማው ጠርዝ ላይ ተደግፎ የሚሽከረከረው የተለመደው የብስክሌት ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ይሰጣል፤ በአሠራሩ ግማሽ ያህሉ ኃይል ቢባክን እንኳ ከሞተሩ የሚወስደው ከ10 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ ይህንን ሞተሩ አይሰማውም። የካንዴላው ብልጭታም ሙሉ ለሙሉ ሳይነካ ይቀራል።

ስለ ስልኩ በቁጥር እናስረዳዎ። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ሲሆን ይህ ወደ 19 ዋት ሰዓት ነው። 3 ዋት ከሚሰጥ ዲናሞ፣ በሬክቲፋየሩና በመቆጣጠሪያው የሚጠፋው ተቀንሶ፣ 2.5 ዋት ቢያገኙ የአንድ ሰዓት ጉዞ የሚሞላው የስልኩን አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ በየመብራቱና በየመታጠፊያው በቆሙ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቋረጥ ስልኩ ደጋግሞ ቻርጅ ይጀምራል፣ ያቆማል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ግን ወደ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ቤት ውስጥ ሌሊት ሞልተው ስልክዎን ከእርሱ ቢያገናኙ፣ ዲናሞውንም ለመብራት ብቻ ቢተዉት፣ ሥራው ቀላልና አስተማማኝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የጻፉልን ሌላ አንባቢ ደግሞ ተመሳሳይ ሞተር በተገጠመለት ብስክሌታቸው ላይ ዲናሞ እንደሚጠቀሙ፣ ነገር ግን በፔዳል ሲነዱ ለዓመታት ያልተቃጠሉት አምፖሎች ሞተር ካስገጠሙ በኋላ ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠሉባቸው፣ በዝናብም ጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንደሚል ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል።

መልስ፦ የብስክሌት ዲናሞ የተሠራው ለእግር ፍጥነት ነው። ኮረንቱ በጥቅሉ ተፈጥሮ ምክንያት ከግማሽ አምፔር ገደማ ብዙ ስለማያልፍ፣ የፊቱ 2.4 ዋትና የኋላው 0.6 ዋት አምፖል አብረው እስከ በሩ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቃጠል ግን የእርሱ ድርሻ ወደ ቀረው አምፖል ስለሚዞር፣ በሞተር ፍጥነት እርሱም ወዲያው ይከተላል። በክር አምፖል ፋንታ ለዲናሞ ተብለው የተሠሩ፣ በውስጣቸው የቮልቴጅ መከላከያ ያላቸውን የኤልኢዲ መብራቶች ይግጠሙ። ራስዎ በመቆጣጠሪያ ልሥራ ካሉ፣ ምንም ሳይጫንበት በፍጥነት የሚሽከረከር ዲናሞ ከ6 ቮልት እጅግ አልፎ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ስለሚሰጥ፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው ኤልኤም2596 የተሰኘው መቆጣጠሪያ የሚችለው እስከ 40 ቮልት መሆኑን አስበው ከፊቱ ከልክ ያለፈውን ቮልት የሚገታ የዜነር ዳዮድ ያስገቡ።

በዝናብ ጊዜ የሚታየው መቆራረጥ የዲናሞው ጎማ ነካኪ ተሽከርካሪ ሲያንሸራትት የሚመጣ ነው። አቀማመጡን ያስተካክሉ፤ ተሽከርካሪው ከተላጠም ይለውጡት። እነዚህ ሞተሮች በጣም ስለሚያንቀጠቅጡ ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ ቶሎ ይሰበራል፤ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ሽቦ ይጠቀሙ፣ ከማርሚታውም አርቀው በየአንድ ስንዝሩ ይሰሩት።

ዲናሞ ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱን ያጠፋል። ጨለማ ላይ መሐል መንገድ ቆመው ለመታጠፍ ሲጠብቁ ከኋላ የሚመጣው መኪና የሚያይዎት በኋላ መብራትዎ ስለሆነ፣ ቢያንስ የኋላው ከራሱ ባትሪ የሚበራ እንዲሆን አጥብቀን እንመክራለን። ሁለቱንም ከባትሪ ማብራት ከፈለጉ፣ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለኮምፒዩተር ኃይል በሚሰጠው ሣጥን) ውስጥ የሚገኘው 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 3 ዋት የፊትና ግማሽ ዋት የኋላ መብራት 12 ሰዓት ያህል ያበራል። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም ይበልጣልና በወንበሩ ሥር አጥብቀው ይሰሩት፤ ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብም የ1 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ።