ጣፋጭ ወይን የሚወድ ሰው ወይን አያውቅም? የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሐዋሳ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ስለ ወይን ጠጅ ቢመስሉም የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው፤ ሰው ፊት አላዋቂ ሆኖ መታየት።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ አክሱሚት የሚባለው ጣፋጭ ቀይ ወይን እንዲቀዳልኝ ስጠይቅ አንድ ባልደረባዬ «ይኼ የጀማሪ ነው፤ ወይን የሚያውቅ ድራይ (ደረቅ) ነው የሚጠጣው» ብሎ በሰው ፊት አሸማቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ደረቁን አዝዤ እየመረረኝ እጠጣለሁ። ጣፋጭ ወይን በእርግጥ የበታች ነው? (ወ/ሮ ም.፣ ከታቦር)

መልስ፦ አይደለም፤ የማይወዱትን መጠጣትዎንም ዛሬውኑ ይተዉት። «ደረቅ» የሚባለው እርሾው የወይኑን ስኳር ከሞላ ጎደል በልቶ ወደ አልኮል የለወጠው ወይን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር የቀረው ደረቅ ሲባል፣ 45 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው ጣፋጭ ይባላል። ይህ የቀረው ስኳር ልኬት ነው፤ ስለ ወይኑ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። የፈረንሳዩ ሶተርን፣ የሃንጋሪው ቶካይ አሱ፣ የፖርቹጋሉ ፖርት ሦስቱም ጣፋጭ ናቸው፤ ከዓለም ውድ ወይኖችም ይቆጠራሉ። እኛም ጠጅ ቤት ገብተን ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ብለን እናዛለን፤ ለስላሳ ያዘዘውን «ጠጅ አታውቅም» የሚለው የለም።

ጥሩውን ጣፋጭ ወይን ከመጥፎው የሚለየው ጎምዛዛነቱ ነው። አሲዱ ካነሰ ወይኑ እንደ ሽሮፕ ይከብዳል፤ ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ይሰለቻል። አንድ ጉንጭ ውጠው ጥቂት ይጠብቁ። ከምላስዎ ሥርና ከጉንጭዎ ውስጥ ምራቅ ከመጣ አሲዱ በቂ ነው። ባልደረባዎ ስለ ጥራት መነጋገር ከፈለጉ ጨዋታው ከዚህ ይጀመር።

መራራ ያሉት ነገር ደግሞ በአብዛኛው ታኒን ሳይሆን አይቀርም። ታኒን ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣ ሲሆን የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዝ ድድና ምላስን ያደርቃል። አንዱ በብዛት ይሰማዋል፣ ሌላው በጥቂቱ፤ ይህ የእውቀት ጉዳይ አይደለም። ጨውና ሥብ ያለዝቡታል፤ ደረቅ ቀይ ወይን ከጥብስ ጋር የሚስማማውም ለዚህ ነው። በርበሬ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። አልኮልና ታኒን ማቃጠሉን ሲያብሱት ስኳር ያበርደዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ በቀረበበት ገበታ ላይ የእርስዎ አክሱሚት ከደረቁ የተሻለ ምርጫ ነው። በራስዎ ፍላጎት ወደ ደረቁ መጠጋት ካሰኝዎት ከፊል ጣፋጭ በሆነው የአካሺያ ቀይ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የአገር ውስጥ ወይን በአፌ አይዞርም ይላል። ከውጭ የመጣውን በጣዕም ብቻ ይለይ እንደሆነ እንዴት ልወቅ? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ምልክቱን መሸፈን ነው። በ1976 ፓሪስ ላይ እንግሊዛዊው ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ስማቸው የተሸፈነ ወይኖችን ለፈረንሳይ ዳኞች አቅርቦ በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ወይን ነበር። በ2001 በወጣ ጥናት ደግሞ በቦርዶ የሚማሩ 54 የወይን ጥበብ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ሲቀርብላቸው በቀይ ወይን ቃላት ነበር የገለጹት። የሠለጠነ ሰው እንኳ ዓይኑ ምላሱን ይቀድመዋል።

በቅድሚያ የሚወዳደሩ ጠርሙሶች ይምረጡ። ባቱ ላይ፣ ወደ ሐዋሳ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ የሚለማው የሪፍት ቫሊ ወይን ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከሚባሉት የፈረንሳይ ዝርያዎች ስለሚጠመቅ ንጽጽሩ ቀላል ነው። ሜርሎ ከወሰዱ የውጭውም ሜርሎ ይሁን፤ ዋጋቸውም ይቀራረብ። ጣፋጭን ከደረቅ ጋር ካቀረቡ ስኳሩ ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ፈተናም አይሆንም።

ሁለቱንም እኩል ያቀዝቅዙ፣ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፣ አንገታቸው ድረስ በጋዜጣ ይጠቅልሉ። ቀጂው ሌላ ክፍል ሆኖ በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች 20 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ይቅዳ፤ ሁለቱ ከአንዱ ጠርሙስ፣ አንዱ ከሌላው። የትኛው ጠርሙስ ሁለቴ እንደሚቀዳ ሳንቲም ይወስን። መልሱን ጽፎ ይያዝና ብርጭቆዎቹን የሚያቀርበው መልሱን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ የሚያውቅ ሰው ፊቱ ይናገራል። ጓደኛዎ ልዩ የሆነውን ብርጭቆ ያውጣ።

በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ሊያገኝ ስለሚችል አንድ ዙር ምንም አያረጋግጥም። ስድስት ዙር ያድርጉ። ከስድስቱ አምስት ወይም ስድስት ካገኘ፣ ያ በዕድል የሚሆነው ከመቶ ሁለት ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ በእርግጥ ይለያል ማለት ነው። አራት ካገኘ ግን አሥር በመቶ ያህል የዕድል በር ስላለ በሌላ ቀን ይደገም። በየዙሩ መካከል ውኃና ያልጣፈጠ ዳቦ ይቅመስ፣ ወይኑንም ይትፋ፤ በቅምሻ ሙያ መትፋት ነውር የለውም። ይህን ሁሉ የሚያበላሹት ሽቶ፣ የሚጤስ ዕጣን፣ የሚቆላ ቡናና ከቅምሻው በፊት የተበላ በርበሬ ናቸው።

መለየት አንድ ነገር፣ መውደድ ሌላ ነገር ነው። ከለየ በኋላ «የቱን ትመርጣለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ የውጭውን ከመረጠ ምርጫው ነው፣ ይከበርለት። ካልለየም ሰው ፊት አያሳፍሩት። ወ/ሮ ም. ላይ የደረሰውን ሌላ ሰው ላይ መድገም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጁ ትንሽ ቀድቶልኝ ቆሞ ሲጠብቅ ምን እንደምል ግራ ይገባኛል። ቡሹንስ ማሽተት አለብኝ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ የሚጠብቀው «ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ስለ ወይኑ እንዲናገሩ ማንም አይጠብቅዎትም። በመጀመሪያ ያዘዙት ጠርሙስ መሆኑን ይዩ። ብርጭቆውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙረው ያሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ወይም የታፈነ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ በክሎታል፤ ጤና አይጎዳም፣ ግን አይጠጣም። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ወጣት መሆን የሚገባው ወይን ቡናማ ሆኖ ሽታው ከሞተ አየር አግኝቶታል። በእነዚህ ምክንያቶች ያለ ሐፍረት ይመልሱት። ስላልጣመዎት ብቻ መመለስ ግን ተገቢ አይደለም። ከሥሩ የሚታየው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር የወይኑ የራሱ አሲድ ጨው ስለሆነ አያስጨንቅም። ቡሹን ማሽተት አያስፈልግም፤ ሽታው ብርጭቆው ውስጥ አለ። ደህና ከሆነ «ጥሩ ነው፣ ቅዳ» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቀይ ወይን ላይ በረዶ ወይም ኮካ መጨመር ያስነውራል? (አቶ ደ.፣ ከመናኸሪያ)

መልስ፦ አያስነውርም። በስፔን የባስክ ምድር ቀይ ወይንና ኮላ እኩል ተቀላቅሎ ካሊሞቾ ተብሎ በአደባባይ ይጠጣል። ውድ ጠርሙስ ግን አያባክኑበት፤ የከፈሉበትን ጣዕም የኮካው ስኳርና ጋዝ ይሸፍነዋል። እንደ ለስላሳ ስለሚወርድም መጠኑን ሳያውቁት ያልፋሉ።

በረዶ የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ወይኑ ሞቆ ስለሚቀርብ ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የመጣው ከቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ የተፈለገው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነበር። የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይደበዝዛል። ከመቅዳትዎ በፊት 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። ከቸኮሉ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውኃ ያድርጉና ለቀዩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ለነጩ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። በረዶ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ስለሆነ ይዘገያል። እፍኝ ጨው ቢጨመርበት ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ከዓሣ ጋር ቀይ ወይን አይጠጣም የሚሉት እውነት ነው? (ከአሞራ ገደል)

መልስ፦ ከፊሉ። በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣ ሥብ ጋር ሲገናኝ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል፤ ዓሣው ከቆየ ደግሞ ይብሳል። ከሐይቁ በዕለቱ የወጣ ቆሮሶ ሥቡ ትንሽ ስለሆነ፣ ታኒኑ ያነሰና የቀዘቀዘ ቀይ ይችለዋል። ሎሚ ላለበት ጥብስ ግን እንደ አዋሽ ክሪስታል ያለ ደረቅ ነጭ ይሻላል። ዳጣው ከበዛ ጣፋጭ ነጭ ይዘዙ።