«ዩኒቨርሲቲያችን ስንተኛ ነው?»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ልትመርጥ ነው። እኛ ቅርባችን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ብትማር ደስ ይለናል። የሰፈር ልጆች ግን በስልካቸው «የዓለም ደረጃ» እያወጡ «በጣም ታች ነው፣ እንዳትሞዪው» ይሏታል። ደረጃውን አምነን እንወስን?
*እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ*

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ልጆቹን አንድ ነገር ይጠይቁልን፤ ያሳዩት ደረጃ የማን ነው? «የዓለም ደረጃ» የሚባል አንድ ሰንጠረዥ የለም። ብዙ አውጪዎች አሉ፣ እያንዳንዱም የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚወጣው የሻንጋይ ደረጃ ከ100 ነጥብ 30ውን የሚሰጠው ለኖቤል ሽልማትና ለፊልድስ ሜዳሊያ (ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጥ ሽልማት) ነው፤ 10ሩ ለተሸለሙ ምሩቃን፣ 20ው ለተሸለሙ መምህራን። ኪውኤስ የሚባለው ሌላው ደረጃ ከነጥቡ 30 በመቶውን የሚያገኘው ምሁራንን «በሙያችሁ ጎበዝ ዩኒቨርሲቲ የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ 15 በመቶውን ደግሞ ቀጣሪዎችን ጠይቆ ነው። ስሙ ባሕር ማዶ ያልተሰማ ወጣት ዩኒቨርሲቲ እዚህ ላይ ነጥብ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። የሰፈር ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ዌቦሜትሪክስ የሚባለውን፣ በድረ ገጽ ላይ የተመሠረተውን ደረጃ ሳይሆን አይቀርም፤ የአገራችንን ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ስለሚዘረዝር። እሱም ግማሹን ነጥብ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ የሚጠቅሱ ሌሎች ድረ ገጾች ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ ነው። ከእነዚህ አንዱም ልጅዎ ቤተ ሙከራ ገብታ በእጇ ትሠራ ወይስ ከኋላ ቆማ ትመለከት እንደሆነ አይነግርዎትም።

ልጅዎን በቀጥታ የሚመለከት ቁጥር ከፈለጉ ተማሪዎች ለመመረቅ የሚወስዱትን የመውጫ ፈተና ውጤት ይያዙ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 በመቶ ሆኖ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ ብቻ አልፈዋል። አገር አቀፍ ነው፣ ለአንድ ሙያ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ለማወዳደር ይመቻል። ግን እሱም አጠያየቅ አለው።

የዩኒቨርሲቲውን ጠቅላላ ውጤት ትተው ልጅዎ የምትፈልገውን የትምህርት ክፍል ውጤት ይጠይቁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ እጅግ ጥሩ፣ በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ጠቅላላው ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። ከመቶኛው ጋር የተፈታኙን ብዛት ይቀበሉ። 12 ተማሪ ባስፈተነ ክፍል አንድ ተማሪ ቢወድቅ ውጤቱ በ8.3 ነጥብ ይወርዳል፤ 120 ባስፈተነ ክፍል ግን ከ1 ነጥብ በታች ነው። ትንሹ ክፍል አንድ ዓመት አንደኛ፣ በሚቀጥለው መጨረሻ ቢሆን አይደንግጡ። የ3 ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ደግሞ ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑትን ብቻ የያዘ ነው ወይስ ወድቀው የደገሙትንም? ሁለቱ ከተቀላቀሉ መቶኛው ዝቅ ይላል፣ ጥፋቱ ግን የዘንድሮ ትምህርት ላይሆን ይችላል። በመጨረሻ፣ ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ ለፈተናው እንደደረሱ ይጠይቁ። 60 ገብተው 30 ብቻ ተፈትነው 27 ካለፉ «90 በመቶ አሳለፍን» የሚለው ማስታወቂያ ግማሾቹን ልጆች ከሒሳቡ አውጥቷል ማለት ነው።

አገሪቱ ራሷም ዩኒቨርሲቲዎቿን በተልዕኮ ለይታለች። አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና መቀሌ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል፤ ወሎ ከእነዚህ አይደለም። ይህ ግን የሥራ ድርሻ ክፍፍል እንጂ የጉብዝና ተራ አይደለም። ልጅዎ የምትገባው ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ የምርምር ስም ቀዳሚው መመዘኛዋ ሊሆን አይገባም።

ምርጫውን ስትሞላ ደግሞ ይህን አይርሱ፤ ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ የመጀመሪያ ምርጫዋ ላይደርሳት ይችላል። የላይኞቹን መስመሮች ብቻ ተጨንቃችሁ የታቹን እንዲሁ እንዳትሞሉ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጸጸተው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የማስተምር መምህር ነኝ። የምርምር ጽሑፍ እናሳትማለን፣ የዩኒቨርሲቲያችንን ስም ግን በታይምስ የከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ላይ ለማየት አልታደልንም። ችግሩ የጥራት ነው ወይስ የብዛት?
*መምህር፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፈው ግን ሦስተኛው ነው፦ የስም አጻጻፍ።

ከብዛቱ እንጀምር። ታይምስ ወደ ዋናው ሰንጠረዥ የሚያስገባው በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጽሑፍ በስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎች የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት) የተመዘገበለትን ተቋም ነው። ከዚያ በታች የሆነ ዩኒቨርሲቲ አይለካም። «የለም» ማለት «መጨረሻ ነው» ማለት አለመሆኑን ለተማሪዎችዎም ያስረዱልን። 1,000 ለአምስት ሲካፈል በዓመት 200 ነው፤ 400 ንቁ ተመራማሪ ያለው ተቋም እያንዳንዱ በሁለት ዓመት አንድ ጽሑፍ ቢያወጣ ይደርስበታል። በጋራ የተጻፈ አንድ ሥራ የሚቆጠረው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ አምስት ባልደረቦች አንድ ጽሑፍ ላይ ቢፈርሙ አምስት አይሆንም።

አሁን ወደ ስሙ። የመረጃ ቋቱ ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ከደራሲው ስም ሥር ያለውን አድራሻ አንብቦ ነው። አንዱ መምህር የኢንስቲትዩቱን ስም ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው የኮሌጁን፣ ሦስተኛው ምህጻረ ቃል፣ አራተኛው ለሦስተኛ ዲግሪ የሄደበትን ዩኒቨርሲቲ ብቻ። አራቱም የእናንተ ሰዎች ናቸው፣ አንዱም ግን ለእናንተ ላይቆጠር ይችላል። የሕክምናው ወገን ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የጅማና የጎንደር ሆስፒታሎችም የየዩኒቨርሲቲዎቻቸው ናቸው፤ የሐኪሞቹ ጽሑፍ በቀላሉ ለዩኒቨርሲቲው ይገባል። ደሴ ላይ ግን የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል በክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ነው። ሐኪሙ ተማሪ እያስተማረ የሆስፒታሉን ስም ብቻ ከጻፈ ጽሑፉ ለዩኒቨርሲቲው አይደርስም። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማስተማር ውል ያለው ሐኪም ሁለቱንም አድራሻ፣ 1 እና 2 ብሎ ለይቶ፣ መጻፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምርምር ቢሮው በቅደም ተከተል ይህን ቢያደርግ እንመክራለን። የዩኒቨርሲቲው ስም እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ መስመር ወስኖ ያሰራጭ፤ መጀመሪያ የትምህርት ክፍል፣ ቀጥሎ ኮሌጅ ወይም ኢንስቲትዩት፣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስም፣ ከተማ፣ አገር። እያንዳንዱ መምህር 16 አሃዝ ያለውን ኦርሲድ የሚባል የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያውጣ፤ ነጻ ነው፣ ስማቸው ተመሳሳይ የሆኑ ደራሲዎች እንዳይደባለቁ ይረዳል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ መደባለቁ የተለመደ ነው። ከዚያ ስኮፐስ ላይ የተቋሙን ገጽ ከፍቶ በሌላ አጻጻፍ የተበተኑትን ሥራዎች ይልቀምና እንዲዋሐዱ ያመልክት። ይህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደገም ሥራ ነው፣ ካልተደገመ ብትንትኑ ይመለሳል።

በዌቦሜትሪክስም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። በየካምፓሱ የተለያየ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ ነጥቡ ይከፋፈላል። ድረ ገጹ ለሳምንታት ከተዘጋ፣ ወይም ሲታደስ የቆዩ ገጾች አድራሻ ከተቀየረ፣ ሌሎች ይጠቅሱት የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የቆየው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲያሻግር ማድረግ የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የመምህራኑ የጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ገጽም በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የተረጋገጠ ይሁን።

1,000 ጽሑፍ እስኪሞላ የግድ መቀመጥም አያስፈልግም። ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው የኢምፓክት ደረጃ ያንን ገደብ አይጠይቅም። የሚለካው በተባበሩት መንግሥታት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ሲሆን በጠቅላላ ደረጃው ለመግባት 17ኛውን ግብ (አጋርነትን) እና ቢያንስ ሌሎች 3 ግቦችን የሚመለከት ማስረጃ መላክ ነው፤ 17ኛው 22 በመቶ፣ የተሻሉት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 26 በመቶ ይይዛሉ። ንጹሕ ውሃ፣ ጤና፣ የመሬት አጠባበቅ፤ ወሎ ውስጥ በእነዚህ ላይ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ማስረጃ አያጣም። የሚያጣው ሰነድ ነው። ፖሊሲው ጸድቆ በመሳቢያ ከተቀመጠ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ድረ ገጽ ላይ፣ ቀኑ ተጽፎበት መውጣት አለበት።

አንድ ነገር ለራሳችን ተቆርቋሪነት እንናገር። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የደሴ ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት ከባድ ውድመትና ዝርፊያ ደርሶባቸዋል። የአምስት ዓመት ሥራ የሚቆጥር ደረጃ ኮምፒውተሩና ቤተ ሙከራው የተወሰደበትን ዓመት ለይቶ አያይም፤ ሌላው እንደቆጠረ ይቆጥራል። የእነዚያን ዓመታት ቁጥር የምታነቡ ሁሉ ይህን አብራችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ የሚኖር ወንድሜ «ዩሲኤልኤ (እዚህ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የመንግሥት ሆኖ በትምህርትም በሆስፒታልም ከአንደኞቹ ነው» ይላል። የኛዎቹ ለምን አይሆኑም? ደግሞስ የሆስፒታሉ ደረጃ ዩኒቨርሲቲውን ከፍ ያደርገዋል?
*ከደሴ ሆጤ*

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ናቸው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች ናቸው፣ የሚያወጣቸው አንድ የአሜሪካ ድርጅት፣ ዩኤስ ኒውስ፣ ቢሆንም። የኮሌጆቹን እ.ኤ.አ. ከ1983፣ የሆስፒታሎቹን ከ1990 ጀምሮ ያወጣል። የሆስፒታሉ ነጥብ ወደ ኮሌጁ ሰንጠረዥ አይገባም። በዓለም ደረጃዎች ግን የሕክምና ጽሑፎች በብዛት ስለሚጠቀሱ ትልቅ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ በተዘዋዋሪ ይጠቀማል።

ዩሲኤልኤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የኮሌጆች ደረጃ 20ኛ ነበር፤ በ2023 15ኛ ሆነ። በአንድ ዓመት ያን ያህል ተሻሻለ ማለት ይከብዳል። የተለወጠው መለኪያው ነው፤ በዚያ ዓመት አውጪው የክፍል ተማሪ ብዛትንና የምሩቃን ልገሳን አውጥቶ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎችን አስመርቆ ለማውጣት የሚሰጠውን ክብደት ጨመረ። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ከፍ አሉ።

የሆስፒታሉ ደግሞ በሕክምና ዘርፍ ነው የሚወጣው፤ ካንሰር ለብቻ፣ ልብ ለብቻ። ዋናው መለኪያ ሜዲኬር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን የታከሙ ሕሙማን ከገቡ በ30 ቀን ውስጥ በሕይወት መትረፋቸው ሲሆን፣ በሕመሙ ክብደትና በዕድሜ ይስተካከላል። ጠቅላላው የክብር ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በፊደል ተራ ስለሚወጣ «በአጠቃላይ ሦስተኛ ሆስፒታል» የሚባል ነገር አሁን የለም። ይህ ሁሉ የሚቻለው እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ የሚከታተለው መዝገብ ስላለ ነው። የኛዎቹን በዚያ መንገድ ለመለካት መጀመሪያ የሚጎድለን መዝገቡ ነው።

ጥያቄ፦ በትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ሰው ይሞታል፣ በትንሹ ሆስፒታል ግን ሞት ብዙ አይሰማም። እናቴን ለቀዶ ሕክምና የት ልውሰዳት?
*ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ በመጀመሪያ ይህን ሒሳብ እንሥራ። ትንሹ ሆስፒታል 900 ቀላልና 100 ከባድ ሕመምተኛ ያስተኛል እንበል። ከቀላሎቹ 1 በመቶ ማለትም 9፣ ከከባዶቹ 20 በመቶ ማለትም 20 ቢሞቱ፣ ከ1,000ው 29 ናቸው። ትልቁ 400 ቀላልና 600 ከባድ ይቀበላል። ከቀላሎቹ ግማሽ በመቶ ማለትም 2፣ ከከባዶቹ 15 በመቶ ማለትም 90 ቢሞቱ፣ 92 ናቸው። ትልቁ በቀላሉም በከባዱም የተሻለ ሠርቷል፤ ጥሬው ቁጥር ግን ሦስት እጥፍ ሰው የሚሞትበት አስመስሎታል። ምክንያቱም ትንሹ ያቃተውን የሚልከው ወደ እሱ ነው። በጤና ሥርዓታችን አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ከባዱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

ለእናትዎ ግን ደረጃ ሳይሆን እነዚህን ይጠይቁ። ይህ ቀዶ ሕክምና እዚህ በወር ስንት ጊዜ ይሠራል? ወረፋው ስንት ቀን ነው? ደም ቢያስፈልግ ይገኛል? ጽኑ ሕሙማን ክፍልና የማደንዘዣ ባለሙያ ሌሊትም አለ? ቁስል የሚያመረቅዝባቸው ከመቶ ስንት ናቸው? የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን፣ ለታቀደ ቀዶ ሕክምና የሚጠበቅ ጊዜና የአልጋ አያያዝ ጤና ሚኒስቴር ከሆስፒታሎች ከሚሰበስባቸው መለኪያዎች መካከል ስለሆኑ የጥራት ክፍሉ ሊመልስልዎ ይችላል። ያልተወሳሰበ እንቅርት ወይም ቡአ ከሆነ በየሳምንቱ የሚሠራው ቅርብ ሆስፒታል ይበቃል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ወደ ትልቁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ጀምረው ያስጽፉ፤ ዘልለው ቢሄዱ ወጪው ወደ ኪስዎ ሊዞር ይችላል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ምርጫ የለም፣ ወደ ቅርቡ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ደረጃ በገንዘብ ይገዛል? *ተማሪ፣ ከደሴ*

መልስ፦ በዋናዎቹ ሰንጠረዦች ላይ ቦታ አይሸጥም። «ኪውኤስ ስታርስ» ግን ዩኒቨርሲቲው ከፍሎ የሚገመገምበት የኮከብ አሰጣጥ ነው፤ ከደረጃው የተለየ መሆኑን ለይተህ እወቅ። ከመግዛት ይልቅ የሚያሰጋው በራስ የሚሞላ ቅጽ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዩኤስ ኒውስ 2ኛ ሆኖ ሳለ የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ዩኒቨርሲቲው የላከውን መረጃ አንድ በአንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ስሕተቱን አወጣ፤ በመስከረም 18ኛ ሆነ። የክፍል ተማሪ ብዛትን የሚመለከተው መረጃ ትክክል እንዳልነበር ዩኒቨርሲቲው ራሱ አምኗል። ስለዚህ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቁጥር ሲልክ፣ ቁጥሩን የሰበሰበው ሰውና ያረጋገጠው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፣ ሰነዱም ፋይል ሆኖ ይቀመጥ።