ዓለም ለምትሠሩ ልጆች፦ ከጨው ጀምሩ

ሰላም ልጆች፣

ብዙዎቻችሁ ለካምፔይናችሁ፣ ማለትም በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ሆናችሁ ለምትጫወቱት ተከታታይ ታሪክ፣ የሠራችሁትን ዓለም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን" ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በመንገድና በወሰን ቅየሳ የጨረስኩ ሰው ነኝና ካርታ ሲሰጡኝ እምቢ አልልም። መነጽሬን አድርጌ መጀመሪያ ወንዙን አያለሁ። ቀጥሎ መንገዱን። ከዚያ "እዚህ ከተማ ያለው ሰው ምን ይበላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለም። የ4000 ዓመት የነገሥታት ታሪክ ግን አለ። የአማልክት የዘር ሐረግ አለ። ሦስት ጨረቃ አለ። ገበያው በምን ቀን እንደሚውል የሚያውቅ ጠፋ።

ምክሬ አንድ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ዓለማችሁን ስትሠሩ መጀመሪያ የጎደለውን ፈልጉ። ይህ አገር ምን አጥቷል? ያጣውን ከማን ያገኛል? መሐል ላይ ቆሞ የሚቀርጠው ማነው? እነዚህን ከመለሳችሁ ንጉሡም ዘንዶውም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። የምኖረው ሚኒሶታ ስለሆነ ትንሽ ብኩራራ ቅር አይበላችሁ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አባት የሆነውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። የታተመው ዊስኮንሲን ነው፤ አንዱ ሥሩ ግን እዚህ መንትዮቹ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት ጓደኞቹን ለጦርነት ጨዋታ ሰበሰበ። ብራውንስታይን የምትባል የጀርመን ከተማ ፈጠረላቸው። የጦር አዛዥ ያልሆኑትን የከተማ ሰው አደረጋቸው፤ አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ ባለ ባንክ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ። ለሁሉም የየራሳቸውን ጉዳይ ሰጣቸው። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ሰዎቹ ጥግ ጥግ ይዘው መንሾካሾክ፣ መደራደር፣ መሸዋወድ ጀመሩ። ዌስሊ ጨዋታው የተበላሸ መሰለው። ጓደኞቹ ግን ድገመው አሉት። አርነሰን ከነሱ አንዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ብላክሙር የተባለውን የራሱን ዓለም ጀመረ። መነሻው አንድ ቤተ መንግሥት፣ አንዲት ከተማና ከሥር ያለው ዋሻ ነበር። የቀረው ተጫዋቾቹ እግራቸው ወደመራቸው ሲሄዱ ቀስ በቀስ ሰፋ።

እስቲ አንድ እውነተኛ አገር እንመልከት። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሙቀቱ እሳት ነው። እህል አይበቅልበትም፤ ጨው ግን ሞልቷል። ጨው ቆራጮች መሬቱን በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ በእንጨት ፈንቅለው ያነሱታል። ጠርበው አራት ማዕዘን ካደረጉት በኋላ በግመል ይጫናል። ከዚያ ወደ በርሃሌ፣ ከበርሃሌ ወደ መቀሌ ሽቅብ ነው። መቀሌ ከ2000 ሜትር በላይ ላይ ነች። ደጋው ገብስና ስንዴ አለው፤ ጨው የለውም። ቆላው ጨው አለው፤ እህል የለውም። በቃ፣ መንገድ ተወለደ። መንገዱ ላይ ውኃ ያለበት ቦታ ማደሪያ ሆነ። ማደሪያው ገበያ ሆነ። ገበያው ቀራጭ አመጣ። ቀራጭ ባለበት ደግሞ ሌሊት በጎን የሚያልፍ አይጠፋም። እሱ ሰውዬ ነው የመጀመሪያው ጀብዱ።

አሞሌው ዝም ብሎ ቅመም አልነበረም። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር እየተወደደ እንደሚሄድ አስተውሎ ጽፏል። ይህን አንዷን ነገር ብቻ ወደ ጠረጴዛችሁ ውሰዱ። በእናንተ ዓለም የወርቅ ሳንቲም በየከተማው እኩል ዋጋ ካለው፣ ነጋዴ ከቤቱ ለምን ይወጣል? ገንዘቡ ሲርስ የሚሟሟ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ክረምት ሲገባ ሀብታም ሁሉ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። ዝናብ የሚያዘንብ አስማተኛ ባንክ ዘራፊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህ አዲስ ሕግ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። አሞሌውን አውቃችሁ እስከ መጨረሻው መከተል ብቻ ነው።

ስለ ካርታው ባጭሩ ልበላችሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ካልቆረጥኩት አያልቅም። ወንዞች ሲወርዱ ይገናኛሉ፤ ባሕር ሊገቡ ሲሉ ካልሆነ በቀር መበታተን አመላቸው አይደለም። ጣናን እዩት። ብዙ ወንዝ ይገባበታል፤ ሰው የቆፈረውን ዋሻ ካልቆጠርን የሚወጣው ዓባይ ብቻ ነው። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ብትስሉም የሚከስሳችሁ የለም። አዋሽ ከደጋው ተነስቶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከፍታን ደግሞ አትርሱ። ከደጋ ወደ ቆላ በአንድ ቀን ቁልቁለት እህሉ፣ ልብሱ፣ ከብቱ፣ በሽታው ሁሉ ይለወጣል። ደገኛ ጦር ቆላ ሲወርድ ከጠላት ይልቅ ወባን ቢፈራ እውነት አለው። ርቀቱንም ለኩት። ጭነት የያዘ አጋሰስ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። የ3000 ኪሎ ሜትር ግዛት ስላችሁ ከሆነ ከጫፍ ጫፍ አራት ወር ነው። ደብዳቤ እስኪደርስ ንጉሡ ሞቷል። እሱም ቢሆን ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል፤ ግን አስባችሁበት ይሁን።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ተራራ ውሰዱ፤ ተራራው ላይ አንዲት በር፣ በሯ ላይ አንድ ኬላ። ላይ ደጋ፣ ታች ቆላ። ኬላውን የሚይዝ አንድ ነጋድራስ አድርጉ፤ ለጌታው የሚልከው ግብር አንሶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በግማሽ ጭነት የሚመላለስ ሲራራ ነጋዴ ጨምሩ፤ አጋሰሶቹን ሽፍታ ወስዶበታል። ጠጅ ቤት ያላት ሴት ትኑር። ሽፍታው የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ አትናገርም፤ ምክንያቱም ማሯን በርካሽ የሚያመጣላት እሱ ነው። ከኬላው በታች ያለው ምንጭ ዘንድሮ ደርቋል፤ ያደረቀውን ነገር እናንተ ብቻ ታውቃላችሁ። ዘንዶ ከፈለጋችሁ እዚያ አስገቡት። ሁሉም ሌላው የያዘውን ነገር ይፈልጋል። ተጫዋቾቹ ገበያ ቀን ይድረሱ፤ ገበያ ቀን ያልመጣ ሰውና ያልተሰማ ወሬ የለም።

እኔ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለች ኬላ ነበረች። ሁሉም ስለ ዘንዶው ሲያጣራ ሌባ ሆና የምትጫወት አንዲት ልጅ "ኬላው ላይ የማይቀረጠው ምንድነው?" አለች። "ሬሳ" አልኳት። ሳቀች። በሚቀጥለው ጨዋታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሐዘንተኞች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ቃሬዛው ላይ ጨው ነው። ቅጣት፣ ፍተሻ፣ ጦር አላመጣሁባቸውም። ነጋድራሱን ጨዋ ሰው አደረግሁት። ከወንበሩ ተነሳ፤ "ነፍስ ይማር" አለ፤ እንደ ወጉ ልሸኝ ብሎ ቃሬዛውን በአንድ ወገን ያዘ። ልጅቷ ዕድሏን የሚወስነውን ባለ ሃያ ጎን ዳይስ በመዳፏ ይዛ መጣል አቃታት። ሰውዬው ክብደቱን እያሰበ ነው። "ሟች ወፍራም ነበሩ?" አላት። ያን ማታ ዘንዶውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ከአገር ቤት ተረት ስትበደሩ ተረቱ ማን ላይ ሲነገር እንደኖረ እወቁ። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሕዝብ ለጨዋታ ይመቻል፤ ያስፈራልም። ነገር ግን ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ልጅ ሲታመም ጣት ይቀሰርባቸው ነበር። ጠረጴዛችሁ ዙሪያ የነሱ የልጅ ልጅ ሊቀመጥ ይችላል። ጅቡን ከፈለጋችሁ ጅብ ይሁን፤ ሕዝብ አታድርጉት። ይልቅ ታሪኩን ገልብጡት። መንደሩ አንጥረኛውን ይከሳል፤ ማረሻውን የሚሠራላቸው ግን እሱ ብቻ ነው፤ ሊያባርሩት ነው፤ የእርሻ ወቅት ደርሷል። ተጫዋቾቹ ምን ያደርጋሉ? ይህኛው ከጭራቅ ይበልጣል። ሰዎች ዛሬ የሚሰግዱበትን፣ የሚሳለሙትን ቅዱስ ነገር ደግሞ ከዋሻ የሚዘረፍ ዕቃ አታድርጉት። የራሳችሁን ቤተ መቅደስ ፍጠሩ፤ እንደፈለጋችሁ ዝረፉት።

ወላጆች "የሰይጣን ጨዋታ" ካሉ አትጣሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካኖቹም ይህንኑ ሲሉ ከርመዋል። እናታችሁን አንድ ማታ አስቀምጧትና ጨው ሻጯን ትጫወት። በዋጋ ክርክር የሚያሸንፋት ካራክተር እስካሁን አላየሁም።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ከአንድ ገጽ በላይ አትጻፉ። ተጫዋቾቹ በሁለት ቀን መንገድ የሚደርሱበትን ብቻ አዘጋጁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ስሙ ብቻ ይበቃዋል። ያላሰባችሁበት ቦታ ቢሄዱ አትደንግጡ። ሁለቱን ነገሮች ቶሎ ወስኑ፦ እዚህ ምን ሞልቷል፣ ምን ጠፍቷል። ከዚያ የመጀመሪያው ያገኙት ሰው የጠፋውን ይጠይቃቸው። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ደግሞ ደብተራችሁ ላይ ሁለት መስመር ብቻ አስፍሩ፤ ዛሬ የማን ዕቃ ጎደለ፣ ማን ተናዶ ቀረ። ለሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ትነሳላችሁ።